ወርቁን ማን አራቆተው?

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወርቅ ሠሪ ናቸው። ፒያሳ፣ አንዲት ጠባብ ጓዳ ውስጥ ሲቀጠቅጡና ሲበይዱ ነው የሸበቱት። ጌጥ ሲያዩ ዓይናቸው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ውበቱ አይደለም፤ ወደ መጋጠሚያው ነው። ልጃቸውን ሊጠይቁ ዋሽንግተን በመጡ ጊዜ አንድ ሙዚየም ይዣቸው ሄድኩ። መግቢያው በነፃ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ቤት መዋል አይሆንላቸውም።

አብዛኛውን ቶሎ ቶሎ እያዩ አለፉት። አንድ የመስታወት ሳጥን ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙና መነጽራቸውን አወጡ። ውስጡ የኢንካ ምስሎች አሉ፤ ስፔኖች ከመምጣታቸው በፊት በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የነገሡት ሕዝብ ሥራ። አንድ የወርቅ ወንድ፣ አንዲት የብር ሴት፣ አጠገባቸው ደግሞ ትንሽ ላማ፣ ያ የአንዲስ የጭነት ከብት። ሰዎቹ ከጣት ብዙም አይረዝሙም። ሁለቱም እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገዋል። ሁለቱም ራቁታቸውን ናቸው።

«ይሄ የፈሰሰ አይደለም» አሉ ወደ ወንዱ እያመለከቱ። «ወርቁን እንደ ወረቀት አሳስቶ ነው የቀጠቀጠው። ከዚያ አጥፎ በየደው። ውስጡ ባዶ ነው።»

«ስንት ግራም ይሆናል?» አልኳቸው።

አልመለሱልኝም። ወደ ሴቲቱ ዞረው ነበር። ፀጉሯ መሀል ለመሀል ተከፍሎ፣ በሁለት ጉንጉን ጀርባዋ ላይ ወርዷል። እያንዳንዱ የጉንጉኑ እጥፋት ይታያል።

«ፀጉሯን እንዲህ አድርጎ የጎነጎነ ሰው ልብስ ይረሳል?» አሉ።

«ጋሼ፣ የጥንት ሥራ ስለሆነ እኮ ነው። የግሪኩም የሮማውም ራቁቱን አይደል?»

«እሱን አላውቅም። ይሄን የሠራው ሰው ግን ጨርቅ አስቦበታል። አንገቷ ላይ ምንም የለም፣ ትከሻዋም ባዶ፣ ወገቧም ባዶ። ወርቅ ሠሪ እንዲህ ያለ ባዶ ቦታ ዝም ብሎ አይተውም።»

ከዚያ ምሳ በላን። እሳቸውም ጊዜያቸው ሲደርስ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያቺ «ልብስ ይረሳል?» የምትለዋ ጥያቄ ግን እኔ ዘንድ ቀረች። ሥራ ላይ ሆኜ ትመጣብኛለች፣ አውቶቡስ ስጠብቅ ትመጣብኛለች። በመጨረሻ ተቀምጬ ማንበብ ጀመርኩ።

ቀድሞ የታየው ላባ ነው

ፔሩ ውስጥ አምፓቶ የሚባል ተራራ አለ። ቁመቱ ከ6,200 ሜትር በላይ ነው። ጎረቤቱ ሳባንካያ እሳተ ገሞራ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ሳባንካያ አመድ መትፋት ጀመረ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ጥቁሩ አመድ የአምፓቶ በረዶ ላይ አረፈ። ጥቁር ነገር ሙቀት ይስባል። ለዘመናት ያልተነካው የጫፉ በረዶ ቀለጠ፤ ከሥሩ የነበረው አፈርም ተናደ።

በመስከረም 1995 አሜሪካዊው አርኪዮሎጂስት ጆሃን ራይንሃርድና ፔሩያዊው የተራራ ሰው ሚጌል ሳራቴ እዚያ ወጡ። የወጡት መቃብር ፍለጋ አልነበረም። ጭስ የሚተፋውን ሳባንካያን ከላይ ሆነው ቁልቁል ለማየት ነበር። ጫፉ አጠገብ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ቀይ ነገር ብቅ ብሎ አዩ። ላባ ነው። ጠጋ ሲሉ ላባው የአንዲት ትንሽ ምስል የራስ ጌጥ ሆኖ ተገኘ። በአካባቢው ሦስት ምስሎች ነበሩ፤ አንዱ የወርቅ፣ አንዱ የብር፣ አንዱ ደግሞ ስፖንዲለስ ከሚባል ቀይ የባሕር ዛጎል የተሠራ። ሦስቱም ለብሰዋል። ጨርቁ ከ500 ዓመት በላይ በረዶ ውስጥ ከርሞ ቀለሙ እንኳን አልለቀቀም።

ከዚያ ወደ ታች ሲመለከቱ አንድ ጥቅል አዩ። ዛሬ ሁዋኒታ እየተባለች የምትጠራዋ ልጅ ነበረች። ዓለም የሰማው የእሷን ዜና ነው፣ ያለምክንያትም አይደለም። ወደ እሷ እመለሳለሁ። እኔን ግን እዚያ ገጽ ላይ ያቆመኝ ሌላ ነገር ነው። ወርቅ ተገኘ በሚባልበት ታሪክ ውስጥ መጀመሪያ የታየው ወርቅ አይደለም። ላባና ሱፍ ነው። ወርቁ ከሥር ነበር።

የለበሰችውን ምስል ፎቶ ፈልጌ አየኋት። ሰውነቷን ከብብቷ እስከ እግሯ የሚጠቀልል ቀሚስ አላት። ወገቧ በመቀነት ታስሯል። ትከሻዋ ላይ ነጠላ የሚመስል ጨርቅ ተደርቦ፣ ቱፑ በሚሉት ትንሽ መርፌ ተያይዟል። መርፌውም ከብረታ ብረት ነው የተሠራው፤ ልክ ትልልቆቹ ሴቶች እንደሚያደርጉት፣ ግን ለጣት የሚያህል ሰው። ራሷ ላይ የላባ አክሊል አለ። በዚህ ሁሉ መሀል የሚታየው ፊቷ ብቻ ነው።

በቃ፣ ፊት ብቻ! ያ ሁሉ የጎነጎነው ፀጉር ተሸፍኗል። ደረቷ ላይ ያረፉት እጆች አይታዩም። ቀጥቅጦ፣ አጥፎ፣ በይዶ፣ ወልውሎ ያበራው ገላ በሙሉ ጨርቅ ውስጥ ገብቷል።

ጨርቁ ደግሞ ከሌላ ጨርቅ ተቆርጦ የተረፈ ቅዳጅ አይደለም። አንዲስ ላይ ጥሩ ጨርቅ በመቀስ አይነካም ነበር። የሚፈለገው መጠን ታስቦ፣ አራቱም ጠርዝ ተዘግቶ ነው ከሸማኔው እጅ የሚወጣው። ለእነዚህ ምስሎችም እንደዚያው ተሸምኗል። አንድ ሰው በመዳፍ ላይ የሚያርፍ ሙሉ ልብስ፣ ከነጥለቱ፣ ለብቻው ሸምኗል ማለት ነው።

ለአጎቴ ደወልኩ። ትክክል እንደነበሩ ነገርኳቸው። «እህ» አሉ፤ የሚደነቁ አይነት ሰው አይደሉም። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «የሚሸፈን ከሆነ ታዲያ ወርቁ ላይ ለምን ይህን ያህል ለፉ?»

ውስጡስ ምን ይሁን?

ይህን ጥያቄ ብዙ አሰብኩበት። እኛ ጌጥ የምንሠራው ሊታይ ነው። የማይታይ የአንገት ሐብል ምን ያደርጋል?

ሄዘር ሌክትማን የሚባሉ የኤምአይቲ ተመራማሪ የአንዲስን ብረታ ብረት ሲያጠኑ ነው የኖሩት። ካስተዋሏቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው፦ የዚያ አገር አንጥረኞች ወርቅ መቀባትን ያውቁ ነበር፤ ግን ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ሌላ መንገድ ነው። ወርቁን ከመዳብ ወይም ከብር ጋር አቅልጠው ይደባልቁታል። ከዚያ እያጋሉና እያጠቡ ከላይ ያለውን መዳብ ወይም ብር ያስወግዱታል። ላዩ ላይ ወርቁ ብቻ ይቀራል። ይህን ሁሉ የሚለፉት የተለበጠ ወርቅ ላለመሥራት ነው። ሌክትማን እንደሚሉት ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ ላይ የሚታየው ነገር መጀመሪያውኑ ውስጥ መኖር አለበት። ከውጭ የተለጠፈ ከሆነ ውሸት ነው።

ኢንካዎቹ ራሳቸው የዚህ ጥበብ ጀማሪዎች አይደሉም። በ1470 ገደማ በሰሜኑ የባሕር ዳርቻ የነበረውን የቺሙ መንግሥት ሲያሸንፉ አንጥረኞቹን ወደ ዋና ከተማቸው ወደ ኩስኮ ወሰዷቸው። ድል ያደረገ ንጉሥ ባለሙያ ይማርካል። የእነዚያ ሰዎች ስም አልተጻፈም። መዶሻቸው ግን እነዚህ ምስሎች ላይ አለ።

እና የአጎቴን ጥያቄ በዚህ በኩል ሳየው ትንሽ ይገባኛል። የምስሉ ገላ ወርቅ የሆነው ለማማር አይደለም። ምስሉ ወርቅ *ስለሆነ* ነው። ወርቅ የፀሐይ ነው፣ ብር የጨረቃ። የሴት ምስል በወርቅም በብርም ይሠራል፣ የወንድም እንዲሁ። ቀዩ ዛጎል ደግሞ የውሃና የዝናብ ነው፤ ከኢኳዶር ሞቃት ባሕር ተጠልቆ የሚወጣ፣ ተራራ ላይ ላሉ ሰዎች ከወርቅም የሚርቅ ነገር። ምስሉ ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሚቀበለው አካል ነው። የሚቀበለው ተራራው ነው። ተራራ ልብስ ገልጦ ማየት አያስፈልገውም። እኛ «ሙያ በልብ ነው» እንል የለ? የእነዚህ ሰዎች ሙያ ግን ከልብም ወርዶ አፈር ውስጥ የገባ ነው።

ወንዱ ምስል ላይም የማይታይ ግን ያልተተወ ነገር ብዙ ነው። የጆሮው ጫፍ ተለጥጦ ወደ ታች ወርዷል። የኢንካ መኳንንት ጆሯቸውን በስተው ትልቅ ክብ ጌጥ ያደርጉ ነበርና። አንዳንዶቹ ምስሎች ላይ አንዱ ጉንጭ አበጥ ብሏል። የኮካ ቅጠል እያኘከ ነው። አንጥረኛው የወርቁን ሰው ኮካ አስቅሞታል! ይህን ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ። ቃሚ ያለበት አገር ልጅ ነኝና ያቺን ጉንጭ ለማወቅ አስጎብኚ አላስፈለገኝም።

ጨርቅ የከበደበት አገር

እዚህ ጋ የራሴን ዓይን መጠራጠር ጀመርኩ። «የወርቅ ምስል» ስንል ጉዳዩን ወርቅ አድርገነዋል። ለሠሩት ሰዎች ግን ከወርቁና ከልብሱ የትኛው ይበልጥ ነበር?

ኢንካዎች ገንዘብ አልነበራቸውም። ወርቅ አይገዛበትም፣ አይሸጥበትም። ሰው ለመንግሥት የሚገብረው በጉልበቱ ነው፤ ያርሳል፣ መንገድ ይሠራል፣ ይዘምታል፣ ይሸምናል። መንግሥት ደግሞ የሚሸልመው በአብዛኛው በጨርቅ ነው። ወታደር ልብስ ይሰጠዋል። አዲስ የተገዛ አገር ባላባት ከኩስኮ የተላከ ልብስ ይለብሳል፤ ያን ለብሶ መታየት እጅ መስጠት ነው። ሰርግም ሞትም ያለ ጨርቅ አይሆንም። ኩምቢ የሚባለውን እጅግ ቀጭን ጨርቅ የሚሸምኑት ለዚሁ የተመረጡ ሴቶችና ለዚሁ የተመደቡ ወንዶች ነበሩ። ጆን ሙራ የሚባሉት ምሁር በ1962 ይህን ነገር አጥብቀው ጽፈውበታል። ከዚያ በኋላ አንዲስን በወርቅ ብቻ የሚተርክ ሰው ትንሽ ያፍራል፤ ወይም ማፈር አለበት።

ስፔኖች ራሳቸው ሳያውቁት መስክረዋል። ኢንካዎችን የወረረው የስፔን ጦር መሪ የፍራንሲስኮ ፒሳሮ ጸሐፊ የነበረው ፍራንሲስኮ ዴ ሄሬስ፣ ካሃማርካ በምትባል የፔሩ ከተማ ውስጥ እስከ ጣሪያ ድረስ በጥቅል ልብስ የተሞሉ ቤቶች እንዳዩ ጽፏል። ወታደሮቹ የፈለጉትን ያህል ወሰዱ። የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም ነበር ይላል። ኢንካዎቹ ደግሞ ከጦር ሜዳ ሲያፈገፍጉ መጋዘኑን ከነጨርቁ ያቃጥሉት ነበር። ጠላት እጅ እንዳይገባ የሚቃጠል ነገር ምን እንደሆነ አስቡት።

ሌላም አለ። ፔድሮ ፒሳሮ የተባለው የዚያው የጦር መሪ ዘመድ፣ በስፔኖች እጅ እስረኛ የነበረውን የኢንካ ንጉሥ አታዋልፓን በዓይኑ አይቶታል። አንድ ቀን ንጉሡ ከሐር የሚለሰልስ ጥቁር ቡናማ ካባ ለብሶ ነበር። ከምንድን ነው የተሠራው ብሎ ቢጠይቅ «ከሌሊት ወፍ» ተባለ። ንጉሡ የለበሰውና የነካው ሁሉ ሣጥን ውስጥ ይጠራቀምና በየዓመቱ ይቃጠል ነበር፤ ሌላ ሰው እንዳይነካው። በወርቅ ዕቃ ከበላ በኋላ ወርቁ አይቃጠልም። ልብሱ ግን ይቃጠላል። ለእኔ ይህ ከብዙ መጽሐፍ በላይ ተናገረኝ።

ዘጠኝ ምድጃ

ታሪኩን ታውቁታላችሁና አላራዝመውም። ኅዳር 1532 አታዋልፓ ካሃማርካ ላይ በፒሳሮ ሰዎች ተያዘ። ርዝመቱ ወደ 7፣ ወርዱ ወደ 5 ሜትር የሆነ ክፍል በወርቅ እሞላለሁ፣ ብር ደግሞ በዚያ እጥፍ እሰጣለሁ፣ ልቀቁኝ አለ። ሰጠ። በሐምሌ 1533 በገመድ አንቀው ገደሉት። ወርቅ ላበደረ ጠጠር።

የሚያሳዝነኝ ክፍል ግን መሀል ላይ ያለው ነው። ከየአገሩ ተሸክመው ያመጡት ዕቃ እንደ ዕቃ አልተቆጠረም። ዘጠኝ ምድጃ ተተከለ። የሚያቀልጡት ደግሞ የአገሩ አንጥረኞች ናቸው። የአባቶቻቸውን፣ ምናልባትም የራሳቸውን ሥራ እሳት ውስጥ ጨመሩት። ሲያልቅ ከ6 ቶን በላይ ወርቅና ወደ 12 ቶን የሚጠጋ ብር ወጣ። ለአንድ ፈረሰኛ ወደ 40 ኪሎ ወርቅ ደረሰው፤ እግረኛው የዚያን ግማሽ። ጥቂት ዕቃ ሳይቀልጥ ሴቪል ድረስ ተላከ፣ ሕዝብ አየው፣ ከዚያ በንጉሡ ትእዛዝ እሱም ቀለጠ።

«ስንት ግራም ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ እዚያ ክፍል ውስጥ የነበረ ሁሉ የሚናገረው ቋንቋ ነበር።

ሲዬሳ ዴ ሌዮን የሚባለው ጸሐፊ በ1550ዎቹ እንደጻፈው ኩስኮ በነበረው የፀሐይ ቤተ መቅደስ ውስጥ የወርቅ በቆሎ የተተከለበት አጸድ ነበር። ከ20 የሚበልጡ የወርቅ ላማዎች ከግልገሎቻቸው ጋር ቆመው ነበር። እረኞቻቸውም፣ ከነወንጭፋቸውና ከነዱላቸው፣ ወርቅ ነበሩ። ከዚያ ሁሉ ዛሬ አንድም የለም።

ስለዚህ እነዚህ የጣት ቁመት ያላቸው ሰዎች ለምን ተረፉ? ተቀብረው ስለነበረ ነው። ትልቁና የሚታየው ቀለጠ። ትንሹና የተሸፈነው ቀረ። በየሙዚየሙ የምናያቸው የኢንካ ምስሎች «የኢንካ ወርቅ» ናሙና ይመስሉናል። የአንድ ትልቅ ቤት ዕቃ በሙሉ ተቃጥሎ ከጓሮ የተገኙ ናቸው እንጂ።

ልጆቹ

እስከዚህ ድረስ ስለ ውበት ነው የጻፍኩት። ማለፍ የማልችለው ነገር አለ። ከእነዚህ ምስሎች ብዙዎቹ የተገኙት ከልጆች አጠገብ ነው።

ሥርዓቱ ካፓኮቻ ይባላል። ንጉሥ ሲነግሥ፣ ንጉሥ ሲታመም ወይም ሲሞት፣ ድርቅ ሲመጣ፣ ተራራ እሳት ሲተፋ ከየግዛቱ ልጆች ይመረጣሉ። ነውር የሌለባቸው፣ የሚያምሩ። ወደ ኩስኮ ይመጣሉ፣ ይከበራሉ፣ ከዚያ ወደ ተመደበላቸው ተራራ ይጓዛሉ። አይመለሱም።

በ1999 ራይንሃርድና አርጀንቲናዊቷ ኮንስታንሳ ሴሩቲ በአርጀንቲናና በቺሊ ድንበር ላይ ባለው የዩያይያኮ ተራራ ጫፍ፣ 6,739 ሜትር ላይ፣ ሦስት ልጆች አገኙ። ወደ 13 ዓመት የምትሆን ልጃገረድ፣ አንዲት ትንሽ ልጅና አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ። ከሞቱ 500 ዓመት ቢያልፋቸውም የተኙ ነው የሚመስሉት። አጠገባቸው ከመቶ በላይ ዕቃ ነበር፤ የሸክላ ዕቃ፣ ምግብ፣ ከረጢት፣ ጫማ፣ የወርቅና የብር የዛጎልም ምስሎች። ከወንዱ ልጅ አጠገብ ወንድ ምስሎችና ላማዎች ነበሩ። ከሴቶቹ አጠገብ ልክ እንደ እነሱ የለበሱ ሴት ምስሎች።

በ2013 በአንድሩ ዊልሰን የሚመራ ቡድን የልጆቹን ፀጉር መረመረ። ፀጉር የበላነውን ይመዘግባልና የመጨረሻ ወራታቸውን ማንበብ ተችሏል። ትልቋ ልጅ ከመሞቷ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ምግቧ በድንገት ተሻሽሏል፤ ሥጋና በቆሎ፣ የመኳንንት ምግብ። ኮካው ጨመረ። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ቺቻው፣ ያ የበቆሎ ጠላቸው፣ በጣም በዛ። ስትገኝ ጥርሶቿ መሀል የኮካ ቅጠል ነበር። ያ ጉንጭ! ከላይ የሳቅሁበት የወርቅ ሰው ጉንጭ እዚህ ጋ ሲመጣ ሳቁ ይጠፋል። የአምፓቶዋ ሁዋኒታ ደግሞ የሞተችው ጭንቅላቷን ተመትታ ነው። ዕድሜዋ ከ12 እስከ 14 ይገመታል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲያወራ «በጊዜው ክብር ነበር» ብሎ ይዘጋዋል። ክብር መሆኑ እውነት ነው። ክብሩ ግን ለማን ደረሰ? በ1621 ኤርናንዴስ ፕሪንሲፔ የተባለ ቄስ ኦክሮስ በሚባል የፔሩ አገር የሰማውን ጽፏል። የአካባቢው ባላባት ታንታ ካርዋ የምትባል የ10 ዓመት ልጁን ለካፓኮቻ ሰጠ። ልጅቷ ኩስኮ ደርሳ ተከበረች፣ ተመለሰች፣ ከነሕይወቷ ተቀበረች። አባትየው ሹመቱ ከፍ አለለት፤ ሹመቱም ለዘሩ ሆነ። የአገሩ ሰው ልጅቷን እንደ አምላክ ያማክራት ነበር። ይህን ካነበብኩ በኋላ «እምነታቸው ነው» በሚለው ብቻ መተኛት አልቻልኩም። እምነትም ነበር፣ ፖለቲካም ነበር። ስፔኖች «ኢንካዎች አረመኔ ናቸው» ብለው ሲጽፉ ደግሞ በዘጠኝ ምድጃ መሀል ሆነው እንደጻፉት አልረሳም። ሁለቱን በአንድ ላይ መያዝ ይከብዳል፤ ያው መያዝ ነው እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል።

ግን አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ምስሏ የለበሰችው ልብስና ልጅቷ የለበሰችው አንድ ዓይነት ነው። ያው ቀሚስ፣ ያው የትከሻ ጨርቅ፣ ያው መርፌ። ምስሉን ስታራቁቱት የሚጠፋው ይህ ነው። ራቁት የሆነች የወርቅ ሴት ማንንም ልትሆን ትችላለች። የለበሰችው ግን አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ናት፣ ወይም የእሷ ጓደኛ፣ ወይም ምትክ። ምሁራኑ በዚህ ይከራከራሉ። ክርክሩ የሚቻለው ግን ልብሱ ስላለ ነው።

ማን አወለቀው?

አንዳንዱን ጊዜ አወለቀው። ሱፍ በርጥበት ይበሰብሳል። በፔሩና በቦሊቪያ መካከል ባለው በቲቲካካ ሐይቅ ውስጥ ኢንካዎች ለሐይቁ የሰጡት ስጦታ በድንጋይ ሣጥን ታሽጎ ይገኛል። በ2020 ይፋ የሆነው፣ ካካያ ከሚባል የሐይቁ ቦታ የተገኘው ሣጥን ውስጥ ከዛጎል የተሠራ ትንሽ ላማና የተጠቀለለ የወርቅ ቅጠል ነበር። ውሃ ድንጋይና ወርቅ ያቆያል፣ ጨርቅ አያቆይም።

ሌላውን ግን ሰው ነው ያወለቀው። በ1954 ቺሊ ውስጥ ኤል ፕሎሞ ተራራ ላይ የተገኘውን ልጅ ያገኙት ሀብት ፈላጊዎች ናቸው። ደግነቱ ልጁም፣ ከነልብሷ የነበረችው የብር ምስልም ሳንቲያጎ ሙዚየም ደረሱ። ሌላ ቦታ ዕድል አልነበረም። አርጀንቲና ውስጥ ኬዋር የሚባል ተራራ ላይ መቃብሩን በድማሚት አፈንድተውታል። ወርቅ ፍለጋ በድማሚት ተራራ የሚንድ ሰው የመዳፍ የሚያህል ቀሚስ አጣጥፎ ያስቀምጣል ብዬ አልጠብቅም። ገበያው የሚገዛው ወርቁን ነው። ጨርቁ፣ በተለይ የተቀደደ ከሆነ፣ ተራራው ላይ ይቀራል። በዚህ መንገድ የወጡ ምስሎች እጅ በእጅ ዞረው ሰብሳቢ ጋ ሲደርሱ፣ ከሰብሳቢም ሙዚየም ሲገቡ፣ ከየት ተራራ እንደመጡ የሚያውቅ የለም። ራቁታቸውን ተወልደው ራቁታቸውን የኖሩ ይመስላሉ።

ሙዚየሞቹን ሁሉ ልወቅስ አይደለም። የሌለ ልብስ ከየት ያመጣሉ? ግን የመግለጫው ወረቀት ላይ ምን ብለው እንደሚጀምሩ በእጃቸው ነው። «ወርቅ፣ ኢንካ፣ 1400–1532» ብሎ የሚጀምር ወረቀት የዘጠኙን ምድጃ ቋንቋ ነው የሚናገረው። «ልብሱ የጠፋ ምስል» ብሎ ቢጀምር ምን ይጎዳል? ቁመቱና ክብደቱ ታች ይጻፍ። የሚፈልግ ያነበዋል።

የዩያይያኮ ልጆችና ምስሎቻቸው ያሉት በ2004 በተከፈተው የሳልታ ሙዚየም ነው። ልጆቹን በየተራ፣ አንዳንዳቸውን፣ በብርዱ ሳጥን ውስጥ ያሳያሉ። የአገሬው ተወላጆች ድርጅቶች ይህን ሲቃወሙ ኖረዋል፤ ልጆቹ ሰዎች ናቸው፣ ተራራው ላይ መመለስ አለባቸው የሚሉ አሉ። ስለ ልጆቹ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ከ6,000 ሜትር በላይ የተቀመጠችን የ13 ዓመት ልጅ አምጥቶ መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ፣ ሳይንሱ ካለቀ በኋላ፣ ምክንያቱ አይታየኝም።

ምስሎቹ ግን እዚያ ከነልብሳቸው ናቸው፤ ከነላባቸው፣ ከነቀሚሳቸው፣ ከነመርፌያቸው። ስለዚህ ብዙዎቹ ላይ ገላው ወርቅ ይሁን ብር ለማወቅ ፊቷን ጠጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ሳልታ ድረስ ወርቅ ልይ ብሎ የሄደ ሰው ቅር ይለው ይሆናል። ይበለው።